ቱሉ ጉዶን በማለዳ፦ ከሐዋሳ ተነስቶ የዝዋይ ሐይቅን ኮረብታማ ደሴት ለማየት

ቱሉ ጉዶን ለማየት ወጥተው ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ከሐዋሳ ቁርሳቸውን በልተው ይነሱና ሐይቁ ዳር ያለችው ባቱ (የቀድሞ ስሟ ዝዋይ ከተማ) ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። ከጀልበኛ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ፣ ቤንዚን ሲፈለግ፣ ወደ ኋላ የቀረ ጓደኛ ሲጠበቅ አምስት ሰዓት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ሐይቁን የሚያዝበት ንፋሱ ነው። ስለዚህ ጉዞው የሚያምረው እንዲህ ሲታቀድ ነው፦ ዋዜማውን ባቱ ማደር፣ ከጠዋቱ 12፡30 ጀልባ ላይ መውጣት፣ ከረፋዱ 5፡30 ሳያልፍ ከደሴቱ መነሳት።

ዝዋይ ሐይቅ፣ ደንበልም ይባላል፣ አምስት ደሴቶች አሉት፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። በኦሮምኛ «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ጉዶ» ትልቅ ማለት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ስሟን ማን እንዳወጣላት ለመጠየቅ ምክንያት አይኖርም። በቤተ ክህነት ስሟ ደብረ ጽዮን ይባላል። በትውፊት እንደሚነገረው ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ ታቦቱም 70 ዓመት ያህል እዚህ ተቀምጦ ወደ አክሱም ተመለሰ። ነዋሪዎቹ ዛይ ናቸው። ቋንቋቸው ሴማዊ ሲሆን ለስልጥኛና ለሐረሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አማርኛ የሚችል ጆሮ አንዳንድ ቃል እየያዘ አንዳንዱ እያመለጠው ሲሰማው ደስ ይላል። ከዚህ ሌላ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ ለመግባባት አትቸገሩም።

መቼና በምን መንገድ

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ኮረብታው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ይጠራል። ሐምሌና ነሐሴ ዳገቱን ጭቃ ያደርገዋል፣ ዝናቡም ሐይቁ መሃል ያገኛችኋል። ከየካቲት በኋላ ሙቀቱም ንፋሱም ይበረታል። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ነው፤ ለሃይማኖቱ የሚሄድ ሰው ከዚያ የተሻለ ቀን አያገኝም። ለጉብኝት ብቻ የሚሄድ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ፤ በበዓል ሰሞን ጀልባ ከአቅሙ በላይ ሰው መጫን ይወዳል።

ባቱ ከሐዋሳ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነጌሌ፣ በአዳሚ ቱሉ በኩል። ከመናኸሪያ ቀጥታ ካልተገኘ ሻሸመኔ ወርዶ መቀየር ነው። ከአዳማ የሚመጣ ሰው ርቀቱ ያን ያህል ነው፤ ሞጆ ድረስ ሄዶ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዱ የሚሄድ መኪና ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት ሾፌሩን «ባቱ ከተማ ትገባለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተማውን በዳር አልፎ መገንጠያ ላይ የሚያወርድ አለ፤ ከዚያ ሻንጣ ተሸክሞ ባጃጅ መፈለግ ይመጣል። ከጨለመ በኋላ በዚህ መስመር አትጓዙ። ከሐዋሳ በ8 ሰዓት ብትነሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ባቱ ናችሁ፤ የመንገዱን ሁኔታም በዚያው ቀን ከባቱ ሰው በስልክ ጠይቃችሁ ተነሱ።

ጀልባውን በዋዜማው ጨርሱት

ባቱ እንደደረሳችሁ ዕቃችሁን ማረፊያችሁ አስቀምጡና ቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ሂዱ። ጠዋት ላይ የሚደረግ ድርድር እናንተን ይጎዳል፤ ጀልበኛው እንደቸኮላችሁ ያውቃል። ዋዜማ ላይ ግን ጀልባውን አይታችሁ፣ ካልወደዳችሁት ሌላ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ይሁን። ስትስማሙ አራት ነገር በግልጽ ይነገር፦ መሄጃና መመለሻ መሆኑ፣ ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ቤንዚኑ የማን እንደሆነ፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው ክፍያ ተጨምሮ እንደሆነ። ግማሹን ቀድማችሁ፣ ግማሹን ተመልሳችሁ መሬት ስትረግጡ ክፈሉ። ይህ ጀልበኛውን አለማመን አይደለም። ሙሉውን የተቀበለ ሰው እናንተ ዳገት ላይ ሳላችሁ ሌላ መንገደኛ ከመጣበት «ቶሎ አድርሼው እመለሳለሁ» ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ ያ «ቶሎ» ንፋሱ እስኪነሳ ይቆያል።

ቤንዚኑን አስሉት። በጀልባ ላይ የተለመደው ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲሮጥ በሰዓት 6 ሊትር ያህል ይጠጣል። መንገዱ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ጭነቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ብንል 18 ሊትር ሆነ። ባለ 20 ሊትር አንዲት ጀሪካን ይዞ የሚወጣ ጀልበኛ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ያው መንገድ ከታሰበው በላይ ይጠጣል። ከ25 ሊትር በታች አትነሱ። ይህ ሞተር ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወስደው፤ ብዙ ጊዜ ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት፣ ማለትም ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ ሲያንስ ሞተሩ ይነክሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ካንዴላው ይጠቁርና ሐይቁ መሃል ይጠፋል። ስለዚህ መለዋወጫ ካንዴላና መፍቻው ጀልባው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ነገሩን የሚያውቅ ጀልበኛ ጥያቄው አያስቀይመውም። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ሁልጊዜ ቀላል ስላልሆነ ማታውኑ ተቀድቶ ይደር። መቅዘፊያም ይኑር፣ ቢያንስ ሁለት። የተጣለ መረብ ወይም የውሃ ሣር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ጠፍቶ ሣሩ እስኪፈታ ጀልባውን ወደ ማዕበሉ አዙሮ የሚይዘው መቅዘፊያው ነው።

ላይፍ ጃኬቱን እዚያው ልበሱትና ሞክሩት። ማሰሪያውን ከቆለፋችሁ በኋላ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ተንሸራትቶ ይወጣል። ለልጆች የሚሆን ልክ ከሌለ ልጆቹን ባቱ ከሚቀር ሰው ጋር ተዉአቸው። ብዛታችሁም በላይፍ ጃኬቱ ቁጥር ይወሰን፤ ስድስት ካለ ጀልበኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው።

ንፋሱ ለምን ከሰዓት በኋላ ይነሳል

ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህን በፍቅር ሐይቅ ዳር አይቶታል፤ ጠዋት መስታወት የነበረው ውሃ ከምሳ በኋላ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይዋ የብሱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር ይነሳል፣ ሌላው ሊተካው ይሮጣል። ዝዋይ ላይ ይህ የሚከፋው ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ጥልቀቱ ግን ትንሽ በመሆኑ ነው፤ በጣም በሚጠልቅበት እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ ማዕበል ረዘም ብሎ ይመጣና ጀልባውን አንስቶ ያስቀምጣል። ጥልቀቱ ባነሰ ውሃ ላይ ግን ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሁለተኛው ከፊት ይመታል፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ይገባል። የውሃው ቀለም ቡናማ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ ንፋሱ ከታች ያለውን ደለል ያነሳዋል።

ጀልባ ውስጥ ከባድ ዕቃና ከባድ ሰው መሃል ይቀመጥ። ፎቶ ለማንሳት የሚነሳ ሰው አይኑር፤ አንድ ሰው ሲነሳ ሌላውም አብሮ ይነሳል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲያይ ጀልባው ይዘምማል። ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ያዙ። በማለዳ ቄጤማው አጠገብ ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል ጀልበኛው ከዳሩ ራቅ ብሎ ይንዳ፤ «ጠጋ በልልን» አትበሉት። ፔሊካንና አባ ኮዳ እንደሆነ ባቱ ዳር ዓሣ ሲጸዳ ከቅርብ ትጠግቧቸዋላችሁ።

ጠዋት ስትደርሱ ገና ከጅምሩ ነጭ አረፋ የሚያወጣ ማዕበል ካለ ቀኑን ተዉት። ባቱ አንድ ሌሊት ተጨምሮ ቢታደር ይሻላል።

ስትወርዱ እግራችሁን ውሃ አትክተቱ

ይህን ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል። ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚያዝ የትል በሽታ፣ በእነዚህ ሐይቆች ዳር አለ። ትሉ የሚያድገው ሣር ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሲሆን፣ ከእነሱ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኝና በደህና ቆዳ በኩል ይገባል። ቁስል አይፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጀልባው ዳር ሲደርስ ጫማ አውልቆ፣ ሱሪ ጠቅልሎ ዘሎ መግባት የለመደ ሰው የሚያዘው እዚያ ነው። ጀልበኛው የጀልባውን አፍንጫ ድንጋይ ወይም ደረቅ መሬት ላይ እስኪያስደግፍ ጠብቁ፤ ካልተቻለ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ከነካችሁ ወዲያው በደረቅ ፎጣ አጥብቃችሁ እሹት፤ ፀሐይ ያድርቀው ብሎ መተው አይበቃም። ከነካችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይታችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፣ ስሜት ባይኖርም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል፤ ሳይመረመሩ ዓመታት መቆየት ግን ጉበትን ይጎዳል።

መንደሩና ዳገቱ

መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ ሰላምታ ነው። ታላላቆችን ስታገኙ ቆም ብላችሁ «እንደምን አደራችሁ» በሉ፤ ከየት እንደመጣችሁ ንገሩ፤ ደብረ ጽዮንን ለመሳለም ወይም ለማየት እንደመጣችሁ አስረዱ። ከዚያ አንድ የመንደሩ ሰው አብሯችሁ እንዲወጣ ጠይቁ። መንገዱ የሰው ማሳና ደጅ ለደጅ የሚያልፍ ስለሆነ ብቻችሁን ስትወጡ የማን እርሻ ላይ እንደምትረግጡ አታውቁም። ተዳፋቱ አፈሩ እንዳይታጠብ በድንጋይ እርከን የተያዘ ነው፤ የእርከኑ ድንጋይ ላይ አትቁሙ፣ አትቀመጡም። አንድ ድንጋይ ሲነቀል ከላዩ ያለው አፈር በሚቀጥለው ዝናብ ይከተለዋል፤ መልሶ የሚሠራውም ባለ ማሳው ነው።

ለመውጫና ለመውረጃ ሁለት ሰዓት ያዙ። ሐዋሳ ላይ ታቦር ተራራን ሳያርፍ የሚወጣ ሰው አይቸገርም፤ የሚሳነውም ከሆነ ከሳምንት በፊት በዚያው ጫማ ታቦርን አንዴ ወጥቶ ይሞክር፤ አዲስ ጫማ ጥፍር የሚያነሳው ቁልቁለት ላይ ነው። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ውሃ ከባቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኑ። ቆብ፣ ጥቂት ዳቦና ቆሎ፣ ዝርዝር ብር፣ የራሳችሁን ቆሻሻ የምትመልሱበት ፌስታል አይቅር። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደሴት ላይ የሚጣልበት ቦታ የለውም፤ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

አናት ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን እዚህ ከፍታ ላይ ነበር፤ ድንጋዮቹን አታነሳሱ። ከዚያ ሆናችሁ ሌሎቹን ደሴቶችና የአርሲን ተራሮች ታያላችሁ፤ ሰው አክሱምን ያህል አገር አቋርጦ ለመሸሸግ ይህን ቦታ ለምን እንደመረጠ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። በዙሪያው ሳይታይ የሚቀርብ ጀልባ የለም።

ቤተ ክርስቲያኑና ብራናዎቹ

እሑድ ቅዳሴ በማለዳ ተጀምሮ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ያበቃል፤ ካህናቱን ለማግኘት ጥሩው ሰዓት ከዚያ በኋላ ነው። በጾም ቀናት ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ማንም ላይኖር ይችላል፤ ይህን ባቱ ሳላችሁ በጀልበኛው ስልክ አስጠይቁ። ብራናዎቹና ንዋያተ ቅድሳቱ በኃላፊነት የሚያዙት በቄሰ ገበዙ ነው። እሳቸው እርሻ ከሄዱ ቁልፉም አብሮ ሄዷል፤ ሌላውን ካህን መጨቅጨቅ ምንም አያመጣም።

«አባታችን፣ ይባርኩን» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነም እጅ ነስታችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በአክብሮት የመጣን ሰው የሚገፋ የለም። ጫማ ከደጅ ይወልቃል። ሴቶች ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስም ልበሱ። እስከ ቅኔ ማኅሌት ድረስ ሲፈቀድላችሁ ግቡ፤ ከመጋረጃው ወዲያ አትመልከቱ፣ ካሜራም አታዙሩ።

ብራና ቢያወጡላችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ላብና ቅባት ይጠጣል፣ እርጥበት ሲነካው ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ይነሳል። ቅጠሉን የሚገልጡት ካህኑ ብቻ ይሁኑ፤ ገላጩ ቅጠሉን ከላይኛው ጫፍ በስሱ ይዞ ሙሉውን ሲያዞረው እዩ፤ ምራቅ በነካው ጣት ከታች ጥግ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ ግን ጥጉ ጠቁሮና ተበልቶ ይታወቃል። ፍላሽ አጥፉ። ፎቶው ካልተፈቀደ ሁለተኛ አትጠይቁ። ስጦታችሁን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክተቱ እንጂ በሰው እጅ አታስጨብጡ፤ በእጅ የተሰጠ ብር ከእናንተ በኋላ ጭቅጭቅ ይተዋል።

በመንገድ ላይ ማንም «አሮጌ መጽሐፍ አለኝ፣ መስቀል አለኝ» ብሎ ቢጠጋችሁ አትግዙ፣ አትደራደሩም። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ንግድ ወንጀል ያደርገዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አንዲት ቅጠል ከወጣች ስንት ዘመን በእሳትና በውሃ መካከል ተሸሽጎ የቆየ መጽሐፍ ጎደለ ማለት ነው። ለቄሰ ገበዙ ንገሯቸው።

ምግብ፣ ከዚያ መመለስ

ቤት ጠርተው ቡና ካፈሉላችሁ ሦስተኛውን ሳትጠጡ ለመነሳት ሰበብ አትፈልጉ፤ ግን ስትገቡ «5 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ አለን» ብላችሁ አስታውቁ፤ ጀበናው ቶሎ ይጣዳል። ለልጆች ከረሜላና ብር መበተን በቀጣዩ እንግዳ ላይ ለማኝ ተከታይ ያበዛል። ደብተርና እስክሪብቶ ካመጣችሁ ለመምህር አስረክቡ።

ዓሣ ከፈለጋችሁ ባቱ ተመልሳችሁ ብሉ። ቆሮሶ ጥብስ ሲሆን አጥንቱ ድረስ ይድረቅላችሁ፤ አምባዛ ለወጥ ይሻላል። አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የለመደ ሰው እዚህም ያምረዋል፤ ጥሬው የሐይቅ ዓሣ ግን ጥገኛ ትል ስለሚይዝ በእሳት ያለፈውን ምረጡ።

ዳገት ላይ ሳላችሁ ሐይቁን ዞር እያላችሁ እዩት። ቄጤማው ወደ አንድ ወገን መዘንበል ከጀመረ፣ ወይም ውሃው ላይ ጥቁር ጥቁር ጥላ የመሰለ መንቀጥቀጥ ከታየ፣ ሰዓቱ ባይደርስም ውረዱ። ጀልበኛው ንፋሱ እስኪበርድ «እንቆይ» ካለ እመኑት፤ ብዙ ጊዜ ወደ ማምሻው ይረግባል። ከመጨለሙ በፊት የማትደርሱ ከሆነ ግን እዚያው ማደር ነው። ለዚህ ሲባል ቀላል ጋቢና አጎበር ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው፤ አካባቢው ወባማ ነው፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ ዝዋይ እንደነበራችሁ ንገሩት።

ባቱ በ7 ሰዓት ከደረሳችሁ በልታችሁ በ9 ሰዓት ወደ ሐዋሳ መኪና ያዙ። ደሴቱ ላይ ፎቶ ያነሳችኋቸው ሰዎች ካሉና «እንልካለን» ብላችሁ ከሆነ ሐዋሳ ላይ አሳትሙት፤ ከጀርባው የቤተሰቡን ስም ጽፋችሁ ፖስታ ውስጥ አድርጉና ወደ ባቱ በሚሄድ መኪና ለጀልበኛው ላኩት። እሱ ያደርስላችኋል።